ዳግማዊ ሚንዳውጋስ፦ አልጋው ላይ ሳይወጣ የቀረው የሊቱዌኒያ ንጉሥ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ተመርጠው ሳይነግሡ ስለቀሩ መሳፍንት አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። በ1918 ለሊቱዌኒያ አልጋ የተጠራው ጀርመናዊ መስፍን እዚያ ላይ በሁለት መስመር ብቻ ስለታለፈ፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ «ዘርዝሩልን» የሚሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። የሚመሳሰሉትን አጣምረን እንመልሳለን። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ የታሪክ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ «ሊቱዌኒያ ስንት ነገሥታት ነበሯት?» ተብሎ ተጠየቀ። አንዱ ቡድን «አንድ» አለ፣ ሌላው «ሁለት»። ነጥቡን ለማን እንደምሰጥ ግራ ገብቶኝ ሳለ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ልጅ ኢያሱም ዘውድ አልደፉም፤ ታዲያ አልገዙም ሊባል ነው?» ብሎ አፋጠጠኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ የኔታ፣ ተማሪዎ የጉዳዩን እምብርት ነው ያገኘው። ነጥቡን ለሁለቱም ይስጡ፤ ጉድለቱ ያለው የጥያቄው አጠያየቅ ላይ ነው።

ዘውድ የደፋ የሊቱዌኒያ ንጉሥ አንድ ብቻ ነው፤ ሚንዳውጋስ ይባላል። በ1251 ተጠመቀ፣ በሮማው ጳጳስ በኢኖሰንት 4ኛ ፈቃድ በ1253 ነገሠ፣ በ1263 ተገደለ። ከእሱ በኋላ የመጡት እነ ጌዲሚናስ፣ እነ አልጊርዳስ፣ እነ ቪታውታስ አገሪቱን ከማንም በላይ ያሰፏት ቢሆኑም ማዕረጋቸው «ታላቅ መስፍን» ነው። ቪታውታስ በ1430 ሊነግሥ ተሰናድቶ ዘውዱ ሳይደርስለት ሞተ። የአጎቱ ልጅ ዮጋይላ ደግሞ በ1386 ነገሠ፤ የነገሠው ግን በፖላንድ ነው። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ውድድሩን ሲያዘጋጁ ይጠንቀቁ፤ የፖላንድን ነገሥታት ከሊቱዌኒያ ነገሥታት ጋር የደመረ ልጅ ቁጥሩ ከአሥር በላይ ይሆንበታል።

ሁለተኛው በ1918 የተመረጠው ነው። የኡራኽ መስፍን ዊልሄልም ይባላል፤ ሲመረጥ «ዳግማዊ ሚንዳውጋስ» የሚል ስመ መንግሥት ወጣለት።

አሁን ወደ ልጅ ኢያሱ እንምጣ። እሳቸው በእርግጥ ዘውድ አልደፉም፤ ነገር ግን ገዝተዋል። ሾመዋል፣ ሽረዋል፤ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ግዛት ያነሡት እሳቸው ናቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱና ጳጳሱ ከሥልጣን ማውረዳቸውን ሲያውጁ ልጅ ኢያሱ የነበሩት በእናንተው ከተማ በሐረር ነው። ሥልጣን ያልነበረውን ሰው ማንም «አወረድኩ» ብሎ አዋጅ አያስነግርም። የኡራኹ መስፍን ግን ዘውድም አልደፋም፣ አልገዛምም። አንድ ሹመት አልሰጠም፣ በስሙ አንድ አዋጅ አልወጣም፣ ንጉሥ ከተባለ በኋላ የሊቱዌኒያን መሬት አልረገጠም። የነበረው የምክር ቤት ምርጫና የራሱ «እሺ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን «ዘውድ የደፉ ነገሥታት ስንት ናቸው?» ብለው ቢያርሙት መልሱ 1 ነው፤ «ለንግሥና በይፋ የተመረጡትን ጨምሮ» ካሉ 2።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ከዚራ። አገራቸውን ረግጦ የያዘው የጀርመን ጦር። ንጉሥ አምጡ ሲባሉ የሄዱት ጀርመን። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ አይደለም? ደግሞስ ነፃነታቸውን በፌብሯሪ ካወጁ በጁላይ ንጉሥ ፍለጋ ምን አስኬዳቸው?

መልስ፦ ላይ ላዩን ሲታይ እንዲያ ነው የሚመስለው። ቀኖቹን በተራ ስናስቀምጣቸው ግን ሰዎቹ ምን ያህል ተጨንቀው እንዳሰቡበት ይታያል።

የጀርመን ጦር ሊቱዌኒያን ከሩሲያ እጅ የወሰደው በ1915 ነው። በ1917 በዋና ከተማዋ በቪልኒየስ 20 አባላት ያሉት የሊቱዌኒያ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በአገሩ ቋንቋ ታሪባ ይባላል። ታሪባ በዲሴምበር 11 ቀን 1917 በጀርመን ግፊት አንድ መግለጫ አወጣ። መግለጫው ነፃ መንግሥት ይላል፤ ግን አያይዞ ከጀርመን ጋር በጦር፣ በመጓጓዣ፣ በጉምሩክና በገንዘብ የጸና ትስስር እንደሚኖር ይገልጻል። በፌብሯሪ 16 ቀን 1918 ደግሞ ይህ ትስስር ያልተጠቀሰበት ንጹሕ የነፃነት አዋጅ ፈረሙ። ጀርመን ያወቀችው ግን ሁለተኛውን አይደለም። ካይዘር ዊልሄልም በማርች 23 ቀን 1918 ለሊቱዌኒያ እውቅና ሲሰጥ የጠቀሰው የዲሴምበሩን መግለጫ ነው። ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። «ትስስር» የምትለውን ቃል ይዘው ካይዘሩ ራሱ የሚነግሥባት የፕሩሺያ ሰዎች «እንግዲያውስ የእኛው ንጉሥ የእናንተም ንጉሥ ይሁን» አሉ። የሳክሶኒ ቤተ መንግሥትም አያቶቹ በ18ኛው መቶ ዓመት የፖላንድና የሊቱዌኒያ ገዥዎች ነበሩና «ለእኔ ይገባል» አለ። የጦሩ አዛዦች ደግሞ ንጉሥም አልፈለጉ፣ ምክር ቤትም አልፈለጉ፤ አገሩን በእጃቸው እንደያዙ መቆየት ነበር ፍላጎታቸው።

አንድ ንጉሥ ሁለት አገር ሲይዝ ትንሹ አገር የትልቁ አውራጃ ሆኖ ይቀራል። ሊቱዌኒያውያን ይህን ከፖላንድ ጋር በኖሩበት ዘመን አይተውታል። ስለዚህ ታሪባ «ጀርመናዊ ንጉሥ አንፈልግም» ማለት ባይችልም «የትኛው ጀርመናዊ» የሚለውን ቀድሞ መወሰን ይችል ነበር። ያደረገውም ይህንኑ ነው። በጁን 4 ቀን መስፍኑን በምሥጢር ለመጠየቅ ተስማማ፣ በጁላይ 11 ቀን በድምፅ መረጠው፣ መስፍኑ በጁላይ 13 ተቀበለ።

ለምን እሱ? መጀመሪያ ነገር ካቶሊክ ነው፤ ሕዝቡም ካቶሊክ ነው። የፕሩሺያው ቤት ፕሮቴስታንት ነበር። ሁለተኛ፣ የሚገዛው አገር የለውም። በደቡብ ጀርመን የምትገኘው የዉርተምበርግ ነገሥታት ዘመድ ቢሆንም የኡራኽ ቅርንጫፍ የተገኘው በማዕረግ እኩያ ካልሆነ ጋብቻ ስለነበር ለዉርተምበርግ አልጋ አይታጭም። ይህ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ነገር ለሊቱዌኒያ ዋናው ብቃት ሆነ፤ ቪልኒየስ ቢነግሥ ሊቱዌኒያን የሚያስገብርለት ሌላ መንግሥት ከኋላው የለም። ሦስተኛ፣ ደጋፊ ነበረው። ማቲያስ ኤርዝበርገር የተባለው የካቶሊኮች ፓርቲ መሪና የዉርተምበርግ ተወላጅ በበርሊን ምክር ቤት ውስጥ ይሟገትለት ነበር። መስፍኑ ራሱ በ1864 የተወለደ፣ በጦርነቱ የዉርተምበርግን ክፍለ ጦር የመራ ጄኔራል ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ልጆቹን ይዞ የቀረ።

ዕቅዱ ተቃዋሚ አላጣም። በታሪባ ውስጥ ያሉት የግራ ክንፍ አባላት «ስለ መንግሥት ዓይነት የሚወስነው በሕዝብ የሚመረጥ ጉባኤ ነው፤ እኛ አይደለንም» ብለው ጥለው ወጡ። በሕግ በኩል ልክ ነበሩ፤ የፌብሯሪው አዋጅ ራሱ እንዲያ ይላልና። የበርሊን መንግሥትም ምርጫውን አልተቀበለም። እኛ የታሪባን ውሳኔ የምንመዝነው በዚያ ሳምንት ከፊታቸው በነበረው አደጋ ነው፤ በዚያ ሚዛን ብልህ እርምጃ ነበር እንላለን። ጊዜ ገዝቶላቸዋል።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። መስፍኑ ሲመረጥ ውል ፈርሟል ይባላል። ውሉ ምን ይላል? እንዴትስ ፈረሰ?

መልስ፦ እህታችን፣ 12 ነጥቦች ያሉት ስምምነት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጅማሮ ልትይው ትችያለሽ። መንግሥቱ በዘር የሚወረስ ሆኖ በሕገ መንግሥት የተገደበ ይሆናል፤ ሕግ አውጪው ሁለት ምክር ቤት ይኖረዋል። ንጉሡ የሃይማኖት ነፃነትን ያከብራል። ሚኒስትሮችን፣ አምባሳደሮችንና ሌሎች ሹማምንትን የሚመርጠው ሊቱዌኒያኛ ከሚናገሩ ዜጎች ነው። የመንግሥትም የቤተ መንግሥትም ቋንቋ ሊቱዌኒያኛ ይሆናል። ያለ መንግሥቱ ፈቃድ በዓመት ከሁለት ወር በላይ ከአገር አይወጣም።

የመጨረሻይቱን ነጥብ በሕግ ተማሪ ዓይን እይያት። ንጉሡ ስቱትጋርት ተቀምጦ ቪልኒየስን በደብዳቤ እንዳይገዛ የተቀመጠች መቆለፊያ ናት። የቋንቋዋም ነጥብ እንዲሁ፤ ጀርመናዊ ባለሥልጣን ከንጉሡ ጋር ተከትሎ እንዳይገባ በሩን ትዘጋለች። መስፍኑም ነገሩን ከልቡ ይዞት ሊቱዌኒያኛ መማር ጀምሮ ነበር።

አፈራረሱ ቀላል ነው። በኦክቶበር 1918 ጀርመን መሸነፏ ግልጽ ሲሆን አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማክስ ፎን ባደን የተያዙት አገሮች ዕድላቸውን ራሳቸው ይወስኑ አለ። ታሪባ በኖቬምበር 2 ቀን የጁላዩን ውሳኔ ሻረ፤ በዚያው ቀን ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፤ የመንግሥቱን ዓይነት ወደፊት ለሚመረጠው ጉባኤ ተወ። ከጁላይ 11 እስከ ኖቬምበር 2 ብትቆጥሪው 114 ቀን ነው። ጉባኤው በሜይ 15 ቀን 1920 ተሰብስቦ ሊቱዌኒያን ሪፐብሊክ አላት። ለጽሑፍሽ የሚጠቅምሽ ልዩነት አለ፦ ንጉሡ አልጋውን አልለቀቀም፣ መፈንቅለ መንግሥትም አልተደረገበትም። የጠራው አካል ራሱ ጥሪውን ሻረ። ሥልጣኑን ገና ስላልተረከበ የሚያስረክበውም አልነበረውም። ፊንላንድ ውስጥ ግን በኦክቶበር 9 ቀን 1918 የተመረጠው የሄሰን መስፍን ፍሬድሪክ ካርል በዲሴምበር ራሱ ነው የተወው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ብትጽፊ ጥሩ ንጽጽር ይወጣሻል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ሳቢያን። አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር እሰበስባለሁ። ታይዋን ገበያ የማውቀው አንድ ልጅ በቴሌግራም ያገኘውን «የ1918 የንጉሥ ሚንዳውጋስ የብር ሳንቲም» ፎቶ አሳየኝ፤ የንጉሥ ምስልም ያለበት ቴምብር አብሮ አለ። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ፣ ወንድማችን። በዚያ ንጉሥ ስም አንድም ሳንቲም አልተመታም፤ አንድም ቴምብር አልታተመም።

በ1918 በሊቱዌኒያ የሚሠራበት ገንዘብ የጀርመን ጦር ያወጣው የምሥራቅ ሩብልና የምሥራቅ ማርክ ነው፤ ሁለቱም የወረቀት ብር ናቸው። ሊታስ የተባለው የአገሪቱ ገንዘብ የወጣው በኦክቶበር 1922 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ደግሞ በ1925። ስለዚህ «1918» የሚል የሊቱዌኒያ የብር ሳንቲም ሲያዩ ዓመቱ ብቻውን ያጋልጠዋል። ቴምብርም እንደዚሁ ነው። ንጉሡ «በነበረበት» ጊዜ ይሠራበት የነበረው የጀርመን ቴምብር ሲሆን፣ በላዩ ላይ የምሥራቅ ግንባር አስተዳደር ስም በጥቁር ታትሞበታል። የሊቱዌኒያ የመጀመሪያ ቴምብር ቪልኒየስ የወጣው በዲሴምበር 27 ቀን 1918 ነው፤ ጥሪው ከተሻረ ወር ከ25 ቀን በኋላ ማለት ነው። እነሱም 10 እና 15 ስካቲክ (የትንሽ ገንዘብ ስም ነው) የሚሉ፣ በማተሚያ ቤት ፊደልና የጠርዝ ጌጥ ብቻ የተለቀሙ፣ ምስል የሌለባቸው፣ ወረቀታቸው ሻካራ የሆኑ ቴምብሮች ናቸው። እነዚያን ቢያገኙ ዋጋ አላቸው፤ ግን እነሱም በብዛት ይኮረጃሉ። ከመግዛትዎ በፊት በአጉሊ መነጽር ይዩ፤ በብረት ፊደል የታተመ ከሆነ ፊደሉ ወረቀቱን በትንሹ ይጫነዋል፣ ከጀርባው በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። በዘመናዊ ማተሚያ የተቀዳው ግን ልሙጥ ነው፣ ሲጎላም ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተበታትኖ ይታያል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ጀጎል። ይህ ሰው የሞናኮም ወራሽ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የተወለደው ሞናኮ ነው፤ እናቱ ፍሎሬስቲን የሞናኮ ልዕልት ነበረች። የሞናኮው አልጋ ወራሽ ሉዊ ሕጋዊ ልጅ ስላልነበረው ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የኡራኹ መስፍን ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ጀርመናዊ ጄኔራል ደጃፏ ላይ እንዲነግሥ አትፈቅድም። በጁላይ 17 ቀን 1918 ከሞናኮ ጋር የፈረመችው ውል ወራሹ ፈረንሳይ የምትስማማበት መሆን እንዳለበት ደነገገ፤ በ1919 ሉዊ ከጋብቻ ውጭ የወለዳትን ሻርሎትን በሕግ ልጁ አደረጋት። ቀኖቹን ልብ በሉ፤ ቪልኒየስ በመረጠው በስድስተኛው ቀን ሞናኮ ተዘጋበት።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ለገሃሬ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ስለውጥ ከልጄ ጋር አንስማማም።

መልስ፦ አባታችን፣ የምትለያዩት ዓመቱ ላይ ይመስለናል። ከጃንዋሪ 1 እስከ እንቁጣጣሽ 8 ይቀነሳል፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7። ስለዚህ ፌብሯሪ 16 ቀን 1918 የካቲት 9 ቀን 1910 ነው፤ ጁላይ 11 ሐምሌ 4 ቀን 1910 ነው፤ ኖቬምበር 2 ግን ጥቅምት 23 ቀን 1911 ይሆናል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ቀኑ በአንድ ይዛባል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይህ የሚገጥምዎ 1912 ዓ.ም. ላይ ብቻ ነው። የእርስዎ ባቡር ድሬዳዋን አልፎ አዲስ አበባ የገባው ከዚህ ሁሉ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1917 ነው።

ጥያቄ፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ የሦስት ሰዎች ጥያቄ፦ ዘሮቹ ዛሬ አሉ? «የሊቱዌኒያ ልዑል ነኝ» የሚል ሰው ቢመጣ እንዴት ይጣራል? ሊነግሡስ ይችላሉ?

መልስ፦ አሉ። መስፍኑ ከመጀመሪያ ሚስቱ ከባቫሪያዋ አማሊ 9 ልጆች ወልዷል፤ አምስት ሴት፣ አራት ወንድ። እሷ በ1912 የመጨረሻዋን ልጅ በወለደችበት ወር ሞተች። እሱ በ1924 ከባቫሪያው የመጨረሻ ንጉሥ ልጅ ከዊልትሩድ ጋር ተጋባ፤ ከእሷ አልወለደም። በማርች 1928 ኢጣሊያ፣ ራፓሎ ላይ አረፈ።

የሚነሣውን የትውልድ ጥያቄ ለማጣራት መጀመሪያ «ከአራቱ ወንዶች ከየትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤተሰቡ ሕግ በወንድ መስመር ይሄዳል፤ በማዕረግ እኩያ ያልሆነችን ያገባም ከውርስ ይወጣል። የበኩሩ ዊልሄልም በዚህ ምክንያት ወጣ። ሁለተኛው ካርል ጌሮ መስፍን ሆኖ በ1981 ልጅ ሳይወልድ ሞተ። የሦስተኛው የአልብሬኽት ጋብቻም እኩያ አልነበረም። ስለዚህ ውርሱ ወደ አራተኛው ልጅ ወደ ኤበርሃርድ ልጆች ዞረ፤ ካርል አንሰልም እስከ 1991 ይዞ በጋብቻው ምክንያት ለወንድሙ ለዊልሄልም አልበርት ለቀቀ። ለሊቱዌኒያ አልጋ ስሙ በአደባባይ የሚነሣው ታናሽ ወንድማቸው ኢኒጎ ነው። የቤተሰቡ አለቃ መሆንና ለሊቱዌኒያ አልጋ መታጨት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ አትቀላቅሏቸው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚታለልበት መታወቂያው ላይ ያለው ስም ነው። በ1919 የጀርመን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 109 የመሳፍንት ማዕረግ ተሽሮ የስም አካል ብቻ ሆኗል። ጀርመን ውስጥ አዋቂ ሰው በጉዲፈቻ ስም መውሰድ ስለሚችል፣ ፓስፖርቱ ላይ «ልዑል» የሚል ሁሉ ከዘሩ ነው ማለት አይደለም። ፓስፖርቱን ትታችሁ የልደትና የጋብቻ መዝገቡን ጠይቁ። ራድዚቪል፣ ሳፒዬሃ የሚባሉትም የጥንቱ ታላቅ መስፍንነት ባላባቶች ናቸው፤ የዚህን ሰው አልጋ ለመጠየቅ የሚያበቃ ዝምድና የላቸውም። ቤተሰቡ ዛሬም የሚያስተዳድረው የሊኽተንሽታይን ግንብ ደቡብ ጀርመን፣ ሆናው መንደር አጠገብ ነው፤ በስም ከሚመሳሰለው ትንሽ አገር ጋር አይገናኝም። የመስፍኑ ልጅ ኤሊዛቤት የዚያን አገር ልዑል ማግባቷ ግን ሰውን ያደናግራል።

መንገሡን በተመለከተ የ1918ቱ ምርጫ በራሱ በመራጩ አካል ስለተሻረ ከእሱ የሚወረስ መብት የለም። ከዜሮ መጀመር ያስፈልጋል። የሊቱዌኒያ የ1992 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 አገሪቱን ነፃ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ይላታል፤ አንቀጽ 148 ደግሞ ይህችን ድንጋጌ መለወጥ የሚቻለው በሕዝበ ውሳኔ ብቻ ነው ይላል፤ ያውም መምረጥ ከሚችሉት ዜጎች ሁሉ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ሲደግፉት። የሚቆጠረው ድምፅ ከሰጠው ሰው ሦስት አራተኛ አይደለም። ቤቱ የቀረውም እንደ ተቃዋሚ ይቆጠራል።